ደሴን ይዞ ውሃ ውስጥ የገባው ካሜራ

ትዕግስት፦ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬም ከደሴ ነን፣ ዛሬም ጉም ነው። ከመስኮቱ ሆኜ የጦሳን ተራራ ብፈልግ ጦሳ የለም። ሰይድ ግን አለ።

ሰይድ፦ አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰላም ናችሁ?

ትዕግስት፦ ባለፈው ቃል በገባነው መሠረት የዛሬው ወሬያችን በአክሽን ካሜራ፣ ማለት ሰውነት ወይም ዕቃ ላይ በምትታሰር ትንሽ ካሜራ፣ ሰርፊንግና ሌላ የውሃ ስፖርት መቅረጽ ነው። ሰርፊንግ ቦርድ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ ነው። ርዕሱ የሰይድ ነው። እኔ ዋና ስለማልችል ዛሬ ጠያቂ ነኝ።

ሰይድ፦ ትግስቴ፣ ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን፣ ጉሙን ስላነሳሽ…

ትዕግስት፦ ይኸው ጀመረ!

ሰይድ፦ ወላሂ ከርዕሱ አልወጣሁም! ጉሙ ራሱ ነው ርዕሱ። የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ሲመጣ አክሽን ካሜራ ይዞልኝ መጣ። ያገለገለ ነው፣ የቆየ ሞዴል፤ ግን ውሃ የማያስገባ ኬዝ አለው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በማግስቱ ቅዳሜ ነው፣ ሐይቅ እንወርዳለን ተባብለናል። ጠዋት እናቴ ጓዳ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ነው፣ ጀበናውም ተጥዷል። የደሴን ጠዋት ታውቂዋለሽ። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ እጄን እያሞቅኩ፣ ካሜራውን ኬዙ ውስጥ ከተትኩና ቀጭ አድርጌ ዘጋሁት።

ትዕግስት፦ እሺ?

ሰይድ፦ ሐይቅ ደረስን። ከጀልባ ላይ ዘለልን፣ ጠለቅን፣ ልጆቹ ሲገለባበጡ፣ ሲረጫጩ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ቀረጽኩ። ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ስከፍተው ነጭ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነጭ። ድምፅ አለ፣ ሳቅ አለ፣ የውሃ ጩኸት አለ። ሰው የለም።

ትዕግስት፦ (ሳቅ) ደሴን ይዘህ ውሃ ውስጥ ገባህ በለኛ!

ሰይድ፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ! የእናቴን ጓዳ እንፋሎት ዘግቼበት ነው የሄድኩት። መነጽር ያደረገ ሰው ከብርድ ቡና ቤት ሲገባ መነጽሩ አይጉምበትም? ይኸው ነው። ኬዙ ውስጥ የቀረው አየር ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ስትገቢ መስታወቱ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ ከውስጥ በኩል ጠብታ ሆኖ መስታወቱ ላይ ያርፋል። ካሜራው ራሱም ሲሠራ ይሞቃል፣ ይብስበታል። ከውጭ ብትጠርጊው ምን ይረባሻል? ችግሩ ያለው ውስጥ ነው።

ትዕግስት፦ መድኃኒቱስ?

ሰይድ፦ ጓሮ ውጪ። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ላይ ሆነሽ ዝጊው። አዲስ ጫማ ስትገዢ ካርቶኑ ውስጥ «አይበላም» ተብሎ የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት አለች አይደል? እርጥበት መጣጭ ናት። ከካሜራው ጎን ትንሽ ቦታ ካለ እሷን ሸጎጥ ማድረግ ነው። ደግሞ ዳር ላይ ደርሰሽ «እስቲ አንዴ ልየው» ብለሽ እንዳትከፍቺው። ያልከፈትሽው ጊዜ ነው የሚያምርልሽ።

ትዕግስት፦ እኔ ግን ጫማውንም ከረጢቱንም ትቼ፣ እናትህ እየጋገሩ እያለ ጓዳ የገባኸው ለካሜራው ነው ወይስ ለትኩሱ እንጀራ?

ሰይድ፦ ለሁለቱም! ትኩስ እንጀራ በአዋዜ ትቶ የሚሄድ ሰው አለ እንዴ?

ትዕግስት፦ የለም። እሺ፣ ሰርፊንግ…

ሰይድ፦ ቆይ፣ አባቴን ልንገርሽ። ያን ነጭ ቪዲዮ ካዩት አንዱ አባቴ ነው። እሱ ደግሞ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር።

ትዕግስት፦ ይሄን አልነገርከኝም እኮ! እስከ መቼ ነዱ?

ሰይድ፦ መንገዱ እስከተዘጋበት፣ እስከ 1990 ዓ.ም.። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከዚያ ያ ሙቀት፣ ዲቾቶ፣ ቡሬ፣ አሰብ። ሲመለስ ዛጎል ያመጣልን ነበር። ጆሯችን ላይ አድርገን ባሕሩን እንሰማለን። እኔ ባሕርን የማውቀው በዚያ ዛጎልና በአባቴ እጅ ነው። ማዕበል ሲያወራ እጁን እንዲህ ከፍ ያደርግና፣ ጣቶቹን ያጎብጥና፣ ዷ! አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል። የቡና ስኒዎቹ ይንጫጫሉ።

ትዕግስት፦ እና ነጩን ቪዲዮ ሲያዩ ምን አሉ?

ሰይድ፦ «አይዞህ፣ ሐይቁ የትም አይሄድ» አለኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጓሮ ዘግቼው ሄድኩ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ፣ ሐይቁ ተናወጠ፣ ጀልባዋ እንደ ቅል ትንሳፈፋለች። ደስ አለኝ! ካሜራውን ደረቴ ላይ አስሬ ያን ሁሉ ቀረጽኩ። ማታ ለአባቴ ከፈትኩለት። አሁን ጥርት ብሏል፣ ጉም የለም። አየ፣ አየና «ማዕበሉ የታል?» አለኝ።

ትዕግስት፦ ኧረ!

ሰይድ፦ እኔም ሳየው የለም። ውሃው ልጥፍ ብሎ ተኝቷል። ያ ጀልባዋን ሲያናውጣት የነበረው ሁሉ ሽክሽክ ነገር ሆኖ ቀርቷል። ለምን መሰለሽ? የአክሽን ካሜራ ሌንስ ሰፊ ነው፣ ብዙ ነገር ያስገባል። ብዙ ሲያስገባ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ያገዝፋል፣ ራቅ ያለውን ያሳንሳል። ማዕበሉ ሦስት ሜትር ርቆ ከሆነ በቃ፣ አለቀለት። እኔ ደግሞ ከጀልባ ላይ ቁልቁል ነው የቀረጽኩት። ከላይ ሆነሽ ስታዪው ተራራም ሜዳ ይመስላል፤ ጦሳ ጫፍ ወጥተሽ ደሴን አላየሻትም?

ትዕግስት፦ ጉም ካልሆነ አይቻታለሁ። (ሳቅ)

ሰይድ፦ በሦስተኛው ቅዳሜ እኔው ውሃ ውስጥ ገባሁ። የሕይወት ጃኬት አድርጌ፣ ካሜራውን ከውሃው አፍ ጋር እኩል አድርጌ ያዝኩት። ሰፊውን አተያይ ትቼ ጠበብ ያለውን መረጥኩ። ማዕበሉ እንዲመጣ ጠበቅኩት፣ እስኪያለብሰኝ ድረስ። ያን ማታ አባቴ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ እጁን ከፍ አደረገ፣ ጣቶቹን አጎበጠ… «እንዲህ ነው የሚመጣው» አለ።

ትዕግስት፦ አቦ… ሰውነቴን ወረረኝ።

ሰይድ፦ «ግን ጨው ይጎድለዋል» አለኝ።

ትዕግስት፦ (ሳቅ) ልክ ናቸው! እስቲ አሁን ወደ ሰርፊንጉ። ሃያ ደቂቃ አልፏል፣ ርዕሳችን እዚያው ቆሟል።

ሰይድ፦ ከዛጎሉ ልግባልሽ። ጎፕሮ የሚባለውን የአክሽን ካሜራ ኩባንያ የመሠረተው ኒክ ውድማን ሰርፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ገደማ ወደ አውስትራሊያና ኢንዶኔዥያ ሰርፍ ሊያደርግ ሄዶ፣ ራሱንና ጓደኞቹን ማዕበሉ ላይ እንዳሉ ፎቶ ማንሣት ፈለገ። ዳር ላይ የቆመ ሰው ቅርብ ሊያነሣቸው አይችልም። ስለዚህ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ሠራ። ገንዘቡንስ ከየት አመጣ? ከፊሉን የዛጎል ቀበቶ ሸጦ! በመኪናው እየዞረ የዛጎልና የጨሌ ቀበቶ ይሸጥ ነበር።

ትዕግስት፦ የአባትህ ዛጎል!

ሰይድ፦ ሳነበው እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው! የመጀመሪያው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ቪዲዮ እንኳን አልነበረውም፤ በፊልም የሚሠራ ፎቶ ማንሻ ነው። እና ልብ በይ፣ ሰውየው መጀመሪያ የተጨነቀው ስለ ማሰሪያው ነው። እኔም የምለው ይኸው ነው። ሰው «ስንት ሜጋ ፒክስል ነው?» ይለኛል። የት ነው የምታስረው በለኝ!

ትዕግስት፦ እሺ፣ ሰርፈሮች የት ያስሩታል?

ሰይድ፦ ከቦርዱ አፍንጫ ላይ ወደ ኋላ አዙረው የሚለጥፉ አሉ፤ ፊታቸው ይታያል፣ ከጀርባ ማዕበሉ ይታያል። አፍ ውስጥ የሚነከስም አለ። ጥርስሽ መሃል ትነክሺውና ዓይንሽ ያየውን ያያል፣ ሁለት እጅሽም ነፃ ነው። ማዕበሉ ከላይ ተጠቅልሎ እንደ ዋሻ ሲሆን ከውስጥ ሆኖ ለመቅረጽ ከዚህ የተሻለ የለም ባይ ነኝ።

ትዕግስት፦ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም።

ሰይድ፦ እስቲ።

ትዕግስት፦ እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ሰርፊንጉ የተካሄደው በፈረንሳይ ሥር ባለችው በታሂቲ ደሴት ነው፣ ቲያሁፖ የሚባል ቦታ። ብራዚላዊው ጋብሪኤል ሜዲና ከማዕበሉ ወጥቶ አየር ላይ እንደቆመ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ ቦርዱም አጠገቡ ቀጥ ብሎ። ያን ፎቶ ያላየ አለ? የአንሺው ስም ዤሮም ብሩዬ ነው፤ ጀልባ ላይ ሆኖ ነው ያነሣው፣ ከውጭ። ሜዲና አፉ ውስጥ ካሜራ ነክሶ ቢሆን ኖሮ ምን ይታየን ነበር? ሰማይ!

ሰይድ፦ …ሰማይ ነው፣ እውነት ነው። ግን እሱ ፎቶ ነው እኮ ትግስቴ። ስለ ሜዲና ነው የሚነግርሽ። እኔ የምፈልገው ሜዲና ምን እንዳየ ነው።

ትዕግስት፦ እኔ ደግሞ ሰውየውን ማየት ነው የምፈልገው። አባትህም ቢሆኑ በእጃቸው ያሳዩህ ከዳር ቆመው ያዩትን ነው።

ሰይድ፦ እ… እሱስ… አባቴ ውሃው ውስጥም ገብቷል። ቢያንስ እግሩን። እሺ፣ ሁለቱም ይኑር። ግን አንድ ብቻ ምረጥ ካልሽኝ እኔ ከውስጥ ነው።

ትዕግስት፦ እኔ ከውጭ። እንለፈው። የሚለጠፈውን አልጨረስክም።

ሰይድ፦ ማጣበቂያው! ቦርድም ይሁን ጀልባ፣ ንጹሕና ደረቅ ገጽ ላይ ለጥፈሽ 24 ሰዓት ሳትነኪው ይዋል፣ ይደር። ብርድ አይወድም። እኔ ደሴ ላይ ለጥፌው ተነቅሎ በእጄ ቀርቷል። ኮምቦልቻ ወርጄ ጓደኛዬ ቤት ለጥፌ አሳደርኩት፣ እስካሁን አለ።

ትዕግስት፦ ኮምቦልቻዎች ሰሙ? የሙቀታችሁ ጥቅም ተገኘ!

ሰይድ፦ ተነቅሎ ቢወድቅ ደግሞ ካሜራው ይሰምጣል፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ተንሳፋፊ ይሸጣል፣ ብርቱካንማ ቀለም ያለው። ከሌለሽ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ በጠንካራ ገመድ እሰሪበት። መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ ሞክሪው፣ መንሳፈፉን እዪ። ሐይቁ ባልዲ አይደለም፣ አንዴ ከወረደ ወረደ።

ትዕግስት፦ ሌንሱ ላይ የሚቀረው ጠብታስ? ያንተ ቪዲዮዎች መሃላቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ ክብ ነገር አለ።

ሰይድ፦ ሰርፈሮቹ ምን እንደሚያደርጉ ልንገርሽ? ይልሱታል።

ትዕግስት፦ ምን?

ሰይድ፦ መስታወቱን በምላስ! ምራቁ ውሃው ተንጠባጥቦ እንዳይቋጠር ያደርገዋል፤ ውሃው እንደ ስስ ገለፈት ይዘረጋል፣ ይታይልሻል። ከማዕበሉ በፊት ልሰው፣ ውሃ ውስጥ ነከር አድርገው ይነሣሉ።

ትዕግስት፦ እኔ በጨርቅ እጠርገዋለሁ።

ሰይድ፦ ጨርቅ ጠብታ ይተዋል።

ትዕግስት፦ ይተው! አልልስም ሰይድ።

ሰይድ፦ እሺ አትላሺ። አንድ ነገር ግን፦ ማዕበሉ ሲሰበር ጠብታው አንድ በአንድ እንዲታይ ከፈለግሽ በሰከንድ 120 ፍሬም፣ ማለት 120 ምስል፣ ቅረጪ። በ30 ስታጫውቺው በአራት እጥፍ ይዘገያል። ብርሃን ይፈልጋል፤ የደሴ ደመና ያጨልምብሻል፣ ሐይቅ ላይ ረፋድ ጥሩ ነው።

ትዕግስት፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ልጆቹ አንድ እጃቸው ካሜራ ይዞ በአንዱ ብቻ ሲዋኙ አይቻለሁ። ሐይቁ እኮ ጥልቅ ነው፣ ከዳር ትንሽ ራቅ ስትል መሬት የለም።

ሰይድ፦ ትክክል ነሽ። ሁለት እጅ ለዋና ነው። ካሜራው ደረት ላይ፣ ጭንቅላት ላይ፣ አፍ ላይ ይታሰር እንጂ እጅ ላይ አይሁን። እኔ ሦስተኛው ቅዳሜ በእጄ የያዝኩት ጃኬት ስለነበረኝ ነው፣ ጀልባዋም አጠገቤ ነበረች። ያለ ጃኬት ማንም አይግባ፤ ደግሜ ልበለው፣ ማንም።

ትዕግስት፦ ይሄን ደጋግመው። ለቅዳሜስ?

ሰይድ፦ ቅዳሜ አባቴም ይመጣል። ቆሮሶ ጥብስ እንበላለን፣ ከዚያ ጀልባዋ ላይ እሱን አስቀምጬ ካሜራውን ከፊት ወደ እሱ አዙሬ አስረዋለሁ።

ትዕግስት፦ ከውጭ ልትቀርጻቸው ነው!

ሰይድ፦ …አዎ፣ ከውጭ። እጁ እንዲታይ ነው። ነፋሱ ከተነሣ እጁን ማንሣቱ አይቀርም።

ትዕግስት፦ ኬዙን ማን ነው የሚዘጋው?

ሰይድ፦ እኔ። ጓሮ፣ በብርዱ።

ትዕግስት፦ እናትህ ካልጋገሩ።

ሰይድ፦ ቢጋግሩም! መጀመሪያ እዘጋለሁ፣ ከዚያ እበላለሁ።