ከመስመሩ ጠርዝ ላይ ያለው ግራጫ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ የማነሣው በእጅ የተሣለ የመስመር ሥዕል ስካን ከተደረገ በኋላ በኮምፒውተር ሲጸዳ ከቆሻሻው ጋር አብሮ ስለሚጠፋው ነገር ነው።

ወረቀት ለዓይናችን ነጭ ቢመስልም ስካነር የወረቀቱን ሻካራነት፣ ላጲስ የተወውን ጥላ፣ በመስታወቱ ላይ ያረፈውን አቧራ፣ አንዳንዴም በጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ይመዘግባል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመጥረግ ብዙዎች የሚመርጡት ትሬሽሆልድ የተባለውን መሣሪያ ነው፤ ከተወሰነ የብርሃን ደረጃ በታች ያለውን ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበትን ጥቃቅን ነጥብ፣ ሁሉ ፍጹም ጥቁር፣ የቀረውን ደግሞ ፍጹም ነጭ ያደርገዋል። ሥዕሉ በቅጽበት የጸዳ ይመስላል። ነገር ግን ምስሉን አጉልታችሁ የአንድን ቅንድብ ጫፍ ብትመለከቱ፣ እየሳሳ ሄዶ ቀስ ብሎ ያልቅ የነበረው ጭረት ድንገት ተቆርጦ፣ ጠርዙም የመጋዝ ጥርስ መስሎ ታገኙታላችሁ።

በተለመደው የግራጫ ስካን እያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 255 ካሉት 256 ደረጃዎች አንዱን ይይዛል፤ መስመር ለስላሳ ሆኖ የሚታየንም በጥቁሩና በነጩ መካከል ያሉት ጥቂት ግራጫ ፒክስሎች ሽግግሩን ስለሚያለዝቡት ነው። እነዚህ ግራጫዎች የሠዓሊው እጅ የት እንደጠነከረና የት እንደላላ የሚናገሩ የመስመሩ አካል ናቸው ብዬ አምናለሁ። በኢንች 1200 ነጥብ ስካን ተደርጎ በዚያው ጥራት ለሚታተም ሥዕል ትሬሽሆልድ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ በስክሪን ለሚታይ ግን ሌቭልስ የተባለውን የጥቁረትና የንጣት ማስተካከያ እመርጣለሁ። ነጩን ጠቋሚ የወረቀቱ ቀለም እስኪነጣ ወደ ግራ፣ ጥቁሩን ቀለሙ እስኪጠቁር ወደ ቀኝ ስቤ፣ በመካከል ያለውን ሽግግር እንዳለ እተወዋለሁ።

ንድፉ በቀላል ሰማያዊ እርሳስ ተነድፎ በጥቁር ቀለም የተደገመ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይቀላል፤ በባለቀለም ስካን አድርጋችሁ ምስሉ ከተሠራባቸው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የቀለም ክፍሎች (ቻናሎች) ሰማያዊውን ብቻ ብትወስዱ፣ እርሳሱ ወደ ነጭ ተጠግቶ ሲደበዝዝ ጥቁሩ መስመር ሳይነካ ይቀራል።

አስቸጋሪው ነጠብጣቡ ነው። አቧራ የሚያነሡ ፊልተሮች የጉንጭን ጠቃጠቆ ከብናኝ አይለዩም፤ ስስ የጥላ ጭረቶችንም ይበላሉ። ስለዚህ ከሥዕሉ በላይ የሚያጨልም ጊዜያዊ የማስተካከያ ሌየር (ንብርብር) አኑሬ ተደብቆ የነበረው እድፍ ሲወጣ፣ ከሥሩ ባለው ቅጂ ላይ በነጭ ብሩሽ አንድ በአንድ እሸፍነዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም ነጠብጣቡ የሠዓሊው ይሁን የአቧራው የሚለየው ወረቀቱን ከጎን አስቀምጦ በማስተያየት ነው። ሲያበቃም በፒኤንጂ ወይም በቲፍ የፋይል ዓይነት አስቀምጠዋለሁ፤ ጄፔግ ሲጨምቅ በመስመሮቹ ዙሪያ አዲስ ብዥታ ይረጫልና። ያልተነካውን የመጀመሪያ ስካን ግን ፈጽሞ አላጠፋም።