ማውሱን ተረክበን ሰውየውን ሸኘነው

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ ሲስተም በተቀየረ ቁጥር አብረን ያመሸን ሰዎች ናችሁ፣ ስለዚህ የእውቀት አስተዳደር፣ ማለትም ሰራተኛ የሚያውቀው ነገር መስሪያ ቤቱ ውስጥ እንዲቆይና እንዲተላለፍ ማድረግ፣ ምንድነው ብዬ ከሀ ሁ አልጀምርም። ፕሮግራሙ ላይ "የእውቀት አስተዳደርና የዘመኑ ስራ" ይላል፣ እኔ ግን የመጣሁት አንድ ነገር ልናገር ነው፣ እሱም ሰው ከስራ ሲለቅ ስለምናደርገው ነገር ነው።

የምናደርገውን ታውቁታላችሁ። ክሊራንስ እናስሞላዋለን። ላፕቶፕ፣ ቻርጀር፣ ማውስ፣ ባጅ፣ የመሳቢያ ቁልፍ፣ ለእያንዳንዷ ፊርማ አላት። እኔ በሰራሁበት አንድ መስሪያ ቤት ረጅም ዓመት ያገለገለ ባልደረባችን ጡረታ ሲወጣ አንድ ቻርጀር ጠፋ ተብሎ ክሊራንሱ ቆመበት፣ ከንብረት ክፍል ፋይናንስ ከፋይናንስ ንብረት ክፍል ሲመላለስ ዋለ። ይሄ ሰው እኮ የወር ሂሳብ አልዘጋ ሲል ሁላችንም የምንሮጠው ወደሱ ነው! የትኛው የድሮ አካውንት ሁለት ጊዜ እንደሚቆጠር፣ የትኛው ደንበኛ ካልተደወለለት በቀር ኢሜይል እንደማይመልስ፣ ሲስተሙ ላይ ያቺ ቀይ ማስጠንቀቂያ ስትመጣ መቼ ማለፍ እንደሚቻል መቼ ደግሞ ሁሉንም ማቆም እንዳለብን የሚያውቀው እሱ ነበር። ይሄን ማንም አልተረከበውም። በመጨረሻው ሳምንት "የምታውቀውን ጽፈህ ሼርድ ፎልደር ላይ አስቀምጥ" ተባለ፣ ጻፈ፣ ሁለት ገጽ። በቀጣዩ ወር ሂሳቡ አልዘጋ አለ፣ ሁለቱን ገጽ ከፍተን ስናነብ "ልዩነት ካለ ማጣራት" ይላል። እንዴት ነው የሚጣራው? እዛ ላይ ነው እኮ ጠቅላላ ችሎታው ያለው! ሰውየው ደብቆን አይደለም፣ ዓመታት ሙሉ እየሰራ የለመደው ነገር በአንድ ሳምንት ወረቀት ላይ ስለማይወጣለት ነው። ፈላስፋው ሚካኤል ፖላኒ እ.ኤ.አ. በ1966 መናገር ከምንችለው በላይ እናውቃለን ያለው ይሄንኑ ነው።

እንግዲህ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጁሊያን ኦር የሚባል አንትሮፖሎጂስት የዜሮክስን የፎቶኮፒ ማሽን ጥገና ቴክኒሻኖች እየተከተለ አጠና። ድርጅቱ ለቴክኒሻኖቹ ማኑዋል ሰጥቷቸዋል፣ ይሄ ኮድ ከመጣ ይሄን ፈትሽ ይሄን ቀይር የሚል፣ አለቆቹም ስራው ይሄው ነው ብለው ያምናሉ። ኦር ያየው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ማሽኑ የሚያወጣው ኮድ ከእውነተኛው ብልሽት ጋር አልገናኝ ይላል፣ ቴክኒሻኑ ስፔሻሊስት ይጠራል፣ እሱም ሲመጣ ማኑዋሉ አልበቃውም። ሁለቱ ማሽኑ ፊት ሆነው እየሞከሩ፣ እኔ እንዲህ አጋጥሞኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ እንዲህ፣ እየተባባሉ ለረጅም ሰዓት ቆዩ፣ በመጨረሻ ብልሽቱ የተገኘው ከዚያ ወሬ ውስጥ ነው። ቴክኒሻኖቹ ምሳ ላይም ቡና ላይም የሚያወሩት ስለ ማሽን ነው፣ እውቀቱ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደውም በዚያ ነው። ከሩቅ የሚያይ አለቃ ስራ ፈቱ ነው የሚለው! ስንቶቻችሁ ናችሁ ጓደኛችሁ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ስታስረዱ "ወደ ስራችሁ ተመለሱ" የተባላችሁ? እሱ እኮ ነው ስራው!

ዜሮክስ በኋላ ዩሬካ የሚባል ሲስተም ሰራ፣ ቴክኒሻኖቹ ያገኙትን መላ ይጽፉበታል፣ የሚያጣሩት የሙያ ጓደኞቻቸው ናቸው፣ የጻፈው ሰው ስምም አብሮ ይወጣል። ስም መውጣቱን ልብ በሉልኝ። የኛ ፎልደሮች ውስጥ ያለውን ሰነድ ማን እንደጻፈው እንኳ አይታወቅም፣ የጻፈው ሰው ምስጋና አያገኝም፣ የሚያነበውም ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ስራው ደግሞ እየተቀየረ ነው። ሰው አንድ ቦታ ብዙ አይቆይም፣ ኮንትራት በዝቷል፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ከቤት የሚሰራው ብዙ ነው፣ ምሳ ላይ የሚወራው ወሬ ቀርቷል። መልሱ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በቮይስ ይላካል፣ በሳምንቱ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ኤአይ ገዝተን እንገላገላለን የምትሉም አላችሁ፣ ጥሩ መሳሪያ ነው አልቃወምም፣ ግን የእናንተን ቤት ስራ የሚያውቀው የሰጣችሁትን ያህል ነው፣ ፎልደሩ ውስጥ "ልዩነት ካለ ማጣራት" ብቻ ካለ ከዚያ በላይ ከየት ያመጣል?

ስራ አስኪያጆች እዚህ አላችሁ፣ ለናንተ ነው። ሰው መልቀቂያ ባስገባ ማግስት ተተኪውን አጠገቡ አስቀምጡ፣ ተተኪ ካልተቀጠረ ከቡድኑ አንድ ሰው መድቡ። ሂሳቡን ተተኪው ይዝጋ፣ የሚለቀው ሰው ቁጭ ብሎ ይይለት፣ ሲሳሳት ያርመው። ያንን ሰዓት እንደ ስራ ቁጠሩት፣ የአፈጻጸም ምዘና ላይም ነጥብ ይኑረው፣ ማስተማር ትርፍ ሰዓት ላይ የሚሰራ ውለታ መሆኑ ይብቃ! ክሊራንሱ ላይም አንድ መስመር ጨምሩ፣ ስራውን የተረከበው ሰው ብቻውን ሰርቶ አሳይቷል ወይ የሚል፣ የሚፈርመውም ራሱ ተረካቢው ይሁን። ፎርሙን አዘጋጅቼ ይዤዋለሁ፣ የሚፈልግ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ያገኘኛል። አመሰግናለሁ።