ሕጉ በነፃ አለ፤ ግን የቱ ሕግ?

በጅማ ለጤና መረጃ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

አካም ጅርቱ! እንደምን ዋላችሁ? ውድ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ሥራችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ የካርድ ክፍል ባለሙያዎችም፣ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እኔ ጠበቃ ነኝ። ጠበቃ ማይክ ሲይዝ እንደማይለቅ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ለማሳጠር እሞክራለሁ።

በቀጥታ በጥያቄ ልጀምር። ካርድ ክፍል መስኮቱ ላይ ተቀምጣችኋል። ፖሊስ መጣ። «የእገሌን ካርድ አውጡልኝ፣ ለምርመራ ነው» አለ። ደብዳቤ አልያዘም። ከኋላው ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ትሰጡታላችሁ?

ይህን ተማሪ ስጠይቅ ብዙው ስልኩን ያወጣል። በእንግሊዝኛ ጎግል ያደርጋል። መልሱም ከች ይላል፦ ሂፓ። የታካሚ ምስጢር፣ ለፖሊስ መቼ እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደማይሰጥ፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ችግሩ አንድ ነው። ሂፓ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አጠገብ ለቆመው ፖሊስ ምኑም አይደለም።

ሂፓን አታንብቡ ማለቴ ግን አይደለም። የምትማሩባቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው፣ አሳይመንትም ይሰጣችኋል። ካነበባችሁ ደግሞ ዋናውን አንብቡ። የአሜሪካ ፌዴራል ደንቦች ስብስብ ኢ-ሲኤፍአር በሚባለው የመንግሥት ገጽ በነፃ ይገኛል። ርዕስ 45ን ከፍታችሁ ክፍል 160 እና 164ን ፈልጉ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መረጃ ተቋምም ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕግን ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ለጀማሪ ምቹ ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔ ከፈለጋችሁ ጎግል ስኮላር ላይ የአሜሪካን ታገኛላችሁ። የአውሮፓው የዳታ ጥበቃ ደንብም የአውሮፓ ኅብረት የሕግ ገጽ በሆነው ዩር-ሌክስ ላይ ሙሉው አለ። ለማነጻጸር ጥሩ ናቸው። በቃ።

አሁን ወደ ቤታችን። መስኮቱ ላይ ለቆመው ፖሊስ የሚመልሱት ሕጎች ቢያንስ ሦስት ናቸው። አንደኛው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። ሁለተኛው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ሰው ይመለከታል፤ የሚያስቀጣውም ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። አንቀጽ 400 ደግሞ መግለጽ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ያነሳል፤ የባለምስጢሩ ፈቃድና የፍርድ ቤት ውሳኔ ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። ሦስተኛው አዲሱ ነው፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንቀጽ 399 ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ አዋላጇን፣ ፋርማሲስቱን ይጠራል፤ ረዳት የሕክምና ሠራተኞችንም ይጨምራል። የካርድ ክፍል ባለሙያ ረዳት የሕክምና ሠራተኛ ነው? እኔ ነው ባይ ነኝ። አይደለም ብሎ የሚከራከር የሙያ ባልደረባዬም አይጠፋም፤ ክርክሩም ውኃ ያነሳል። እንግዲህ ይህ ጥያቄ መኖሩን የምታውቁት አንቀጹን ራሱን ስታነቡ ብቻ ነው። «የጤና ባለሙያ ምስጢር ይጠብቃል» የሚል የፓወርፖይንት መስመር ይህን አይነግራችሁም። ለዚህ ነው ዛሬ ዋናውን ጽሑፍ አግኙ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ።

የፌዴራል ሕግ ዋናው ጽሑፍ ያለው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ነው የተቋቋመው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል። ሁለቱ ካልተስማሙ የበላይ የሚሆነው አማርኛው ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ብቻ ተማምናችሁ አትከራከሩ። ወረቀቱ ላይ «ያንዱ ዋጋ» የሚል ታያላችሁ፤ አትደንግጡ፣ እሱ የታተመው ቅጂ ዋጋ ነው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ነው።

የት ነው የሚገኘው? መጀመሪያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትንና የፍትሕ ሚኒስቴርን ገጾች ሞክሩ። የመንግሥት ገጽ አንዳንዴ አልከፍት ይላል። ያኔ የሕግ ባለሙያዎች ወደሚያዘጋጇቸው ሂዱ፤ አቢሲኒያ ሎውና ችሎት የሚባሉትን እኛ ጠበቆችም በየቀኑ እንጠቀምባቸዋለን። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ፋኦሌክስ፣ የዓለም የሥራ ድርጅት ናትሌክስ የተባሉ ማከማቻዎች አሏቸው። በየዘርፋቸው የኢትዮጵያን ሕጎች ይዘዋል፤ ያላሰባችሁት ነገር እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ግን ገጹን አጥቶ አይደለም፤ ፍለጋው ላይ ነው። «አዋጅ 661/2002» ብላችሁ ትፈልጋላችሁ። ጓደኛችሁ «661/2009» ይላል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አማርኛው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይቆጥራል፣ እንግሊዝኛው በፈረንጅ። አዋጁ አንድ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ያዙ፣ ዓመቱን ተዉት።

ሌላም አለ። ፒዲኤፉን አወረዳችሁ፣ ውስጡ «ምስጢር» ብላችሁ ፈለጋችሁ፣ ምንም የለም። ቃሉ ጠፍቶ አይደለም። ብዙው ጋዜጣ በስካነር የተነሳ ፎቶ ነው። ሌላው ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የኮምፒውተር ፊደል ኮድ ሳይመጣ በነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፊደላት የተጻፈ ነው፤ ኮፒ ስታደርጉት የማይነበብ ጉድ ይወጣል። መፍትሔው በእንግሊዝኛው ዓምድ ፈልጎ አንቀጹን ማግኘት፣ ከዚያ ጎኑ ያለውን አማርኛ በዓይን ማንበብ ነው። ፎቶ ከሆነ ያው እንደ ድሮው ገጽ ማገላበጥ ነው። ዩኒኮድ የሆነውም ቢሆን «ሕክምና» እና «ህክምና» ለኮምፒውተር ሁለት ቃል ናቸው። ሁለቱንም ሞክሩ።

ሕጉን አገኛችሁ እንበል። አሁንም ይሠራል ወይ? እኔ አንድ አዋጅ ስከፍት ከጅራቱ ነው የምጀምረው። የተሻሩ ሕጎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፣ የሚጸናበት ጊዜ የሚባሉት አንቀጾች መጨረሻ ላይ ናቸው። የምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 661/2002ን ስማችሁታል። በእሱ ላይ የተመሠረተውን ደንብ ቁጥር 299/2006ንም እንዲሁ። ከዚያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 መጣ። ከቀድሞው ምኑ ሄደ፣ ምኑ ቀረ? ይህን ዛሬ አልመልስላችሁም። የ1112 የመጨረሻ አንቀጾች ላይ ነው፤ ራሳችሁ ክፈቱት። እስከዛሬ ድረስ 661ን ብቻ ጠቅሶ የሚያልፍ የማስተማሪያ ጽሑፍ ካያችሁ ግን ጠርጥሩ።

ቴሌግራም። አውቃለሁ፣ ሁላችሁም ከዚያ ነው የምታወርዱት። እኔም አወርዳለሁ። ነገር ግን ረቂቁን ከጸደቀው ለዩ። የዳታ ጥበቃው አዋጅ ከመጽደቁ በፊት ለዓመታት በረቂቅ ዞሯል። በቀድሞው ረቂቅ ላይ ራሱን የቻለ ኮሚሽን ይቋቋማል የሚል ነበር። በጸደቀው ሥልጣኑ የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ረቂቁን ይዞ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ለሌለ መሥሪያ ቤት ይጽፋል ማለት ነው። የነጋሪት ጋዜጣ ራስጌ፣ የአዋጅ ቁጥርና ቀን ከሌለው ፋይሉን ለክርክር አትጠቀሙበት።

ስለ ፍርድ ቤት ባጭሩ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ 454/1997 ወዲህ በሌሎች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመው በነፃ ይወርዳሉ። ቋንቋቸው ከበድ ይላል፤ የጭብጡን ማውጫ ብቻ ማየትም ይበቃል።

ጅማ ላይ ስለሆንን ደግሞ የማይዘለል አለ። ሁሉም ሕግ ከአዲስ አበባ አይመጣም። የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ የሚያወጣቸው አዋጆች መገለታ ኦሮሚያ በሚባለው የክልሉ የሕግ ጋዜጣ ላይ ይታተማሉ፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ዩኒቨርሲቲው ሜዲካል ሴንተር ስትለማመዱ የፌዴራል ተቋም ውስጥ ናችሁ። ሸነን ጊቤ ስትሄዱ ክልሉ ሥር ባለ ሆስፒታል ውስጥ። የሠራተኛው አስተዳደር፣ የበጀቱ፣ የመዝገቡ ጉዳይ የትኛው ሕግ ሥር እንደሆነ ከመፈለጋችሁ በፊት የተቋሙን ባለቤት እወቁ። አፋን ኦሮሞ የምታነቡ ልጆች እዚህ ብልጫ አላችሁ፤ ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው።

ለማኅበረሰብ ልምምድ ወደ አጋሮ፣ ሰርቦ ወይም አሰንዳቦ ስትወጡ ኔትወርክ ላይ አትተማመኑ። ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አንድ ፎልደር ክፈቱ። ሕገ መንግሥቱን፣ የወንጀል ሕጉን፣ 1321ን፣ 1112ን፣ ደንብ 299ን አስገቡበት። የፋይሉን ስም በአዋጁ ቁጥር ጀምሩ፤ «ዳውንሎድ 17» ብሎ ያስቀመጠ ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ አያገኘውም።

ፖሊሱ እስካሁን ቆሟል፣ አይደል? የእኔ አስተያየት ይኸው፦ የታካሚው ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካለ፣ ቅጂውን ካርዱ ውስጥ አያይዛችሁ በኃላፊያችሁ በኩል ይስተናገድ። ባዶ እጁን ከመጣ በአክብሮት ወደ ኃላፊው ምሩት፤ በመስኮት የሚሰጥ ነገር የለም። የማትስማሙ ካላችሁ አንቀጽ 400ን ክፈቱና አሁኑኑ እንከራከር። ማይኩ እናንተ ጋ ነው።