ስማቸው ከመዝገቡ አይውጣ

(አራት ኪሎ ለተሰበሰቡ የእድር አመራሮች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። ሰንበታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን።

እኔ ነርስ ነኝ። በአንድ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ገቡ። አልጋቸው ንጹሕ ነው፣ ምግባቸው በሰዓቱ ይቀርባል፤ እሳቸው ግን አይበሉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ግፊታቸውን ለካሁ፣ ስኳራቸውን ለካሁ፣ ደህና ነው። በአራተኛው ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ «እማማ፣ ምን አሳሰበዎት?» አልኳቸው። ከትራሳቸው ሥር የእድር ደብተራቸውን አወጡና «የዚህን ወር ማን ከፈለልኝ?» አሉኝ።

ከ30 ዓመት በላይ ሳያቋርጡ የከፈሉት እድር ነው። ለስንቱ ለቅሶ ወጥ ሠርተዋል፣ ድንኳን ውስጥ አድረዋል። አሁን ስሜ ተሰርዞ ያለ ለቀስተኛ እቀበራለሁ ብለው ነው እንጀራው አልወርድ ያላቸው። የእድሩ ጸሐፊ መጥተው ውዝፉን ከፍለው ደረሰኙን በእጃቸው ሲሰጧቸው፣ ማታውን ሽሮ አምጡልኝ አሉ። እኔ እስከዚያ ድረስ ምግቡን እየቀያየርኩ ነበር የምደክመው።

ሰው ወደ ማዕከል ሲገባ ከቤቱ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ከሰፈሩም ይወጣል። ትናንት ጠብ ያስታርቁ የነበሩ አባት ዛሬ «አልጋ 12» ይባላሉ። ድባቴ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ድባቴ ደግሞ የእርጅና ጠባይ አይደለም፤ የሚታከም በሽታ ነው። «እርጅና ነው» ብለን ስናልፈው ሰው እያየን ይሟሽሻል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፒያሳና የአካባቢዋ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ጎረቤት ተበታትኗል። በእግሯ መጥታ ቡና ታፈላላቸው የነበረች ሴት አሁን ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ አለባት። ብትቀር አልፈርድባትም።

ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ግቢው በሰው ይሞላል፤ ተባረኩ። ግን በሚጎርሱበት ሰዓት ስልኩን የሚደግንባቸው አለ። ፊታቸውን በነጠላ የሸፈኑ እናት አይቻለሁ። ሳታስፈቅዱ አታንሱ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የተጻፈው የግል ሕይወት የመከበር መብት ማዕከል ስለገቡ አልተቀነሰባቸውም። በጥር 2008 ዓ.ም.ም የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያንን መብት ፕሮቶኮል ያጸደቀው እዚሁ ከተማችን ላይ ነው። አንቱ በሏቸው። ጆሮ ለከበዳቸው አትጩኹ፤ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ረጋ ብላችሁ አውሩ። ለጾመኛው ረቡዕ ቀን ወተት አቅርቦ፣ ለሙስሊሙ የውዱእ ውኃ ነፍጎ ጠያቂ ነን ማለት አይሆንም።

አንድ የከበደኝን ልንገራችሁ። መርዶ አትደብቁባቸው። አንድ አባት የልብ ጓደኛቸው መሞቱን የሰሙት አርባው ካለፈ በኋላ ነው። «ልጅ ነኝ እንዴ የሚደበቀኝ?» ብለው ያለቀሱት ለቅሶ ከሐዘኑ ይልቅ ለውርደቱ ነበር። የእድር ጡሩምባ ማዕከል ድረስ አይሰማም፤ እናንተ አድርሱት። አቅም ካላቸው መኪና ፈልጉና ድንኳኑ ድረስ ውሰዷቸው፣ አልቅሰው ይመለሱ። ልደትም ሰርግም ሲኖር እንዲሁ ንገሯቸው፤ መራቂ እነሱ ናቸው።

የምለምናችሁ ይህን ነው። አባል ማዕከል ገባ ብላችሁ ስሙን አትሰርዙ፤ መክፈል ካቃተው ጠቅላላ ጉባኤው ይወስንለት። በዓል ሳይሆን ተራ ማክሰኞ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው በየወሩ መድቡ። ባዶ እጁን ቢሄድም የሰፈሩን ወሬ ይያዝ።

ስብሰባው ሲያልቅ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። ከአባሎቻችሁ ማዕከል የገባ ካለ ንገሩኝ፤ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። አመሰግናለሁ።