ሥራ የሌለው ጀሪካን ከቤት ይውጣ
(በጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ውድ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ኮሚቴው "ስለ ዕቃ አቀማመጥ ትንሽ ንገሪን" ሲለኝ ምክንያቱ ወዲያው ገብቶኛል። ደረጃው ሥር ያለውን ክምር ሁላችንም እናውቀዋለን። የማን የማን እንደሆነ ዛሬ አላነሣም። ባለቤቶቹ እዚሁ ተቀምጣችኋል።

ቤታችን ጠባብ ነው። ስቱዲዮ የደረሰው ሰው አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ልጆቹንና የዓመት ሽሮውን ከ30 ካሬ ሜትር በማይበልጥ ቤት አብሮ ያኖራል። ስለዚህ ጣሳና ጠርሙስ የማይጥል ሰው ልክ ነው። የፕላስቲክ ዕቃ ዋጋም የምታውቁት ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባዶ ዕቃ ራሱ ቦታ ይበላል። አንድ ጠርሙስ ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ ሥራ ካልተገኘለት ለቁራሌው ይሰጥ። "አንድ ቀን ይጠቅመኛል" የተባለ ጀሪካን ነው ደረጃው ሥር የተከመረው።

ከጓዳው ልጀምር። እህል የሚያበላሹብን እርጥበትና ነቀዝ ናቸው። ጤፍን ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ ፍሬው ደቃቅ ነው። ስለዚህ ጤፉን በማዳበሪያው ተዉት። ብቻ ሲሚንቶው ላይ አታስቀምጡት። ከሥሩ ጣውላ ይግባለት፣ ከግድግዳውም ትንሽ ራቅ ይበል። ጭንቁ ያለው ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተርና በቆሎ ላይ ነው። እነዚህን በማዳበሪያ ዘግታችሁ ከወራት በኋላ ስትከፍቱት የምታገኙት ብናኝና ቀዳዳ ነው።

ገበሬው ዘንድ አሁን ፒክስ የሚባል ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ገብቷል። ውስጡ ሁለት ላስቲክ ነው፣ ውጪው ማዳበሪያ። መድኃኒት የለበትም። አፉ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር አየር አይገባም። ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ የቀረችውን አየር ተንፍሶ ይጨርሳታል፤ መብላቱንም መራባቱንም ያቆማል፣ በመጨረሻ ይሞታል። ይኸው ሥራ በምግብ ዘይት ጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስም ይሠራል። ዕቃው ጠብታ ሳይቀርበት ይድረቅ። እህሉም በደንብ የደረቀ ይሁን፣ በጥርስ ሲሰብሩት ቀጭ የሚል። ከዚያ እየነቀነቃችሁ እስከ አፉ ሙሉት። ከላይ ክፍት ቦታ ተረፈ ማለት ለነቀዙ አየር ተረፈለት ማለት ነው። ክዳኑ የላላ ከሆነም ልፋቱ ከንቱ ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ ሥራ ትልቁን ጀሪካን ይመርጣል። እኔ አልስማማም። 20 ሊትር ሙሉ ባቄላ በየሁለት ቀኑ ከተከፈተ፣ በየሁለት ቀኑ አዲስ አየር ይገባበታል። ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ይሻላል። አንዱ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሌሎቹ አይነኩም። ደግሞ ጠባብ ቤት ውስጥ ትንንሽ ዕቃ የትም ይገባል። አልጋ ሥር ይተኛል፣ በር ጀርባ ይቆማል፣ ከፍሪጁ ጎን ባለችው ስንጥቅ እንኳን ይሰለፋል። ጀሪካን ግን አንዴ ከተቀመጠ የቤቱ ባለቤት እሱ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቀት አይችልም። የፈላ ውሃ ሲገባበት ይኮማተራል። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እጠቡት።

ሽሮና በርበሬ ሌላ ጠባይ አላቸው። ከወፍጮ ቤት ሲመጡ ይሞቃሉ። በሙቀታቸው ከተከደኑ ያልባቸውና ይሻግታሉ። መጀመሪያ ተዘርግተው ይቀዝቅዙ። በርበሬ አንዴ የገባበት ፕላስቲክ ሽታውን አይለቅም፣ ስለዚህ ዕድሜ ልኩን የበርበሬ ሆኖ ይቅር። ስኳር ብታደርጉበት ሻዩ ይነግራችኋል። ለበርበሬ የማር ወይም የቡና ብርጭቆ ጠርሙስ ከሁሉ ይሻላል። የወተት ዱቄት ጣሳ ለሻይ ቅጠል፣ ለቡናና ለደረቅ ቅመም ጥሩ ነው። ጨው ግን አታድርጉበት፣ ቆርቆሮውን ይበላዋል። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ምን እንደሆነና የገባበትን ወር ጻፉ። በጥር የገባው ሽሮ በመስከረም ከገባው በፊት የሚያልቅበት ቤት ብዙ ነው።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም እናጠራቅማለን። የመጠጥ ውሃ በባልዲ አታስቀምጡ። ጠባብ አፍ ያለውና የሚከደን ጀሪካን ይሻላል፤ እጅና ጣሳ አይገባበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። በርሜል ያላችሁ ደግሞ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ መሆኑን አትርሱ። በረንዳ ላይ ሁለት በርሜል ጥግ ለጥግ ሞልቶ ማቆም እኔ አልወድም።

አሁን የምለውን ግን እባካችሁ ልብ በሉልኝ። ፀረ ተባይ፣ ቀለም፣ የሞተር ዘይት ወይም የባትሪ አሲድ የነበረበት ዕቃ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለምግብም ለመጠጥ ውሃም አይሆንም። ከምናለሽ ተራ የገዛችሁት ጀሪካን ቀድሞ ምን እንደያዘ ካላወቃችሁ፣ ለመጸዳጃ ቤት ውሃ ይሁን። የሚብሰው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ የሚያስቀምጥ ሰው እዚህ ብሎክ ውስጥ አለ። ልጅ ያንን ጠርሙስ የሚያውቀው በውሃ ነው፣ አንስቶ ይጠጣዋል። እግዜር አያድርገውና ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ ቢያጋጥማችሁ እንዲያስመልስ አታስገድዱት። ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፣ ጠርሙሱንም ያዙ። በረኪና በራሱ ጠርሙስ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። እዚህ ላይ ቁጠባ አልመክርም።

ካርቶን ወጥ ቤት አታስገቡ። በረሮ ሙጫውን ይበላል፣ እጥፋቱ ውስጥም ይራባል። ለመጽሐፍና ለልጆች ደብተር ግን ይሁን።

አልጋ ሥር የቲማቲም የእንጨት ሳጥን በጣም ይመቻል። አትክልት ተራ በርካሽ ይገኛል። የወጣውን ሚስማር ነቅላችሁ የፈላ ውሃ ድፉበት፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ትኋን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከሥሩ ያረጀ ምንጣፍ ቁራጭ ቢመታበት ሲጎትቱት ይንሸራተታል። ቁም ሳጥን አናት ላይ ያለው ሻንጣም፣ ከዱባይም ይምጣ ከጅዳ፣ ባዶውን አይቀመጥ። የክረምቱ ብርድ ልብስ እዚያ ውስጥ ይገባል።

መደርደሪያ የምትሰቅሉ፣ የግድግዳችን ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ሚስማር አይዝም። ሚስማር መትቶ ጠርሙስ የደረደረ ሰው አንድ ቀን ሽሮውን ከወለል ያፍሳል። ፊሸር የሚባለውን የፕላስቲክ መሰኪያና ብሎን ግዙ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይና በታች አትብሱ። ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያ ነው።

አሁን የማትወዱትን ላንሣ። ቡፌ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚወጣ ብርጭቆ የሳሎኑን ግድግዳ በሙሉ ይዞ የቆመ ዕቃ ነው። ሽጡት አልልም፤ እማማዎቹ ከወዲያ እያዩኝ ነው። ግን ዛሬ ማታ የታችኛውን መሳቢያ ክፈቱና እዩት። የማይሠራ ሪሞት፣ የጠፋ ስልክ ቻርጀርና የዛሬ ስንት ዓመት የሠርግ ካርድ ነው ያለው። ያ መሳቢያ የሁለት ወር ክክና ምስር ይይዛል።

ወደ ደረጃው ልመለስና ልጨርስ። እሳት ቢነሣ አምስቱም ወለል የሚወጣው በዚያች አንዲት ደረጃ ነው። ሊፍት የለንም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጋሼዎቹ በጨለማ እየዳበሱ ነው የሚወርዱት። ስለዚህ ኮሚቴው ቅዳሜ ጠዋት ቁራሌው እንዲመጣ ተስማምቷል። እስከዚያ የሚፈልግ የራሱን ወደ ቤቱ ያስገባ። እስከ አርብ ማታ ስም የተጻፈበት አይነካም። ስም የሌለው ይሄዳል። ያረጀ ልብስና ጫማ ያላችሁ ለልዋጭ ለብቻው አስቀምጡ፣ በሳህን ይለወጥላችኋል። ከጀሪካኑ የሚገኘው ብር ለደረጃው አምፖል ይውላል።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ታጥበው የደረቁ ናቸው፣ ክዳናቸውም ጥብቅ ነው። የሚሞላው እህል ያለው ሰው ሦስት ሦስት ይውሰድ። የሚሞላው የሌለው አይውሰድ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢያችን፣ የውሃ ፓምፑን መዋጮ እርስዎ ይቀጥሉልን።