የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የእንጨት ቅርጽ መሣሪያዎችን በቤት ውስጥ ስለማስቀመጥ

ጥያቄ፦ ከጅማ ነው የምደውለው። ከዋንዛ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ እሠራለሁ። መሮዎቼን በትልቅ የወተት ጣሳ አቁሜ ጓዳ ውስጥ አኖራቸዋለሁ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ግን ይዝጉብኛል። የምግብ ዘይት ብቀባቸውም ለውጥ አላየሁም። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከዝገቱ በፊት ስለ ጣሳው ልናገር፤ ምክንያቱም ዝገቱን የሚያመጣው ራሱ ጣሳው ነው። በርጩማ የሚፈለፈለው አብዛኛውን ጊዜ ግንዱ ሳይደርቅ ስለሆነ፣ ከመሮው ላይ የሚራገፈው ፍቅፋቂና ሰጋቱራ እርጥብ ነው። ይህ እርጥብ ሰጋቱራ በጣሳው ሥር ይጠራቀማል፤ የመሮው አፍ ደግሞ ወደ ታች ተደፍቶ እዚያው ውስጥ ያድራል። በዚህ ላይ መሮ ባስገቡና ባወጡ ቁጥር አንዱ ስለት ከሌላው ስለት ጋር ይጋጫል። እኔም በጀማሪነት ዘመኔ እንዲሁ በጣሳ ነበር የማስቀምጠው። አንድ ቀን ጎድጓዳ መሮዬን ስዬ ደረቅ ዋንዛ ላይ ስሞክረው፣ እንደ መስታወት ሊያብረቀርቅ በሚገባው ቁርጥ መሃል ፀጉር የመሰለች ቀጭን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየችኝ። ስለቱን ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከት፣ ዓይን በጭንቅ የሚያያት ሽራፊ ነበረችበት። ያቺን ሽራፊ ለማጥፋት ስለቱን በሙሉ እንደገና መሞረድና በድንጋይ መሳል ግድ ሆነብኝ። የጣሳ ነገር ያበቃው ያን ቀን ነው።

ወደ ዝገቱ ስንመጣ፣ ብረት የሚዝገው ውኃ ሲፈስበት ብቻ አይደለም። አየሩ ሊሸከመው ከሚችለው እርጥበት 60 በመቶ ገደማውን ሲይዝና ከዚያም ሲያልፍ፣ በብረቱ ላይ ለዓይን የማይታይ ስስ የውኃ ሽፋን ያርፋል፤ ከእጅ ላብ የተረፈ ጨው ካገኘ ደግሞ ሥራውን ያፋጥነዋል። የጅማ ዝናብ ረዘም ያለ በመሆኑ ከአየሩ ጋር መታገል አይቻልም፤ የሚቻለው ብረቱን ደረቅ አድርጎ፣ ሸፍኖና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሰቅሎ ማኖር ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ደረቅ ጣውላ ይፈልጉ፤ እንደ መሮዎቹ አንገት ስፋት ቀዳዳ ይብሱበትና እጀታው ከላይ እንዲያርፍ፣ ስለቱም በታች በኩል ምንም ሳይነካ በአየር ላይ እንዲንጠለጠል ያድርጉ። ጣውላውን ግድግዳው ላይ አጣብቀው አይምቱት። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ ብሎኬትም ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከኋላው ቁራጭ እንጨት አስገብተው ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ያርቁት።

የምግብ ዘይቱን ይተዉት። የኑግም ሆነ የሌላ ቅባት እህል ዘይት በስሱ ሲቀባ ቀስ በቀስ ይጣበቃል፤ አቧራና ሰጋቱራ ይይዛል፤ ያ አቧራ ደግሞ መልሶ እርጥበት ይስባል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው። አንድ ቁራጭ ጨርቅ በዘይቱ አርሰው ከማስቀመጫው አጠገብ ይስቀሉና እያንዳንዱን መሮ ወደ ቀዳዳው ከመመለስዎ በፊት አንድ ጊዜ ይጥረጉበት። ቫዝሊንም በስሱ ከተቀባ ለረጅም ጊዜ ለማይነኩ መሣሪያዎች ይሆናል። መሣሪያን ከምድጃ በላይ መስቀል የቆየ ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ብረቱ ቢደርቅም እጀታው ይሰነጠቃልና እኔ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ማንኪያና ትንንሽ ረከቦት እሠራለሁ። የአራት ዓመት ልጅ ስላለኝ ግድግዳ ላይ መስቀል አልችልም፤ በረንዳ ላይ ላስቀምጣቸው?

መልስ፦ በረንዳ ላይ አያስቀምጡ፣ እህቴ። ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ሲያገኘው ያልበዋል። ለእርስዎ የሚስማማው ከጠንካራ ሸራ የሚሰፋ፣ የሚጠቀለል መያዣ ነው። ሲያሰፉት ኪሱ የእጀታው ማደሪያ እንጂ የስለቱ እንዳይሆን ያስጠንቅቁ፤ ስለት ወደ ኪስ የገባ እንደሆነ ሸራውን ይበላዋል፣ ሲያወጡትም የትኛው መሮ እንደሆነ አይታይዎትም። ኪሶቹን በላይና በታች በሁለት ረድፍ ያድርጉና ስለቶቹ ወደ መሃል ይምጡ፤ የላዩ ረድፍ ከታችኛው ጋር ፊት ለፊት ሳይሆን በመካከል በመካከል ይዋል። ከመጠቅለልዎ በፊት በስለቶቹ ላይ የሚታጠፍ ወፍራም ጨርቅ ቢኖርበት መልካም ነው። ቆዳ ያማረ ቢመስልም ከማልፊያው የሚተርፍ ጨውና አሲድ ስላለበት፣ ለወራት ስለቱን ሲነካ ከቆየ ዝገት ይተክልበታል።

ጥቅሉን ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ይክተቱ፤ ሳጥኑም ልጁ ወንበር ስቦ ቢወጣ እንኳ በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ግን የኪሱ ቁጥር ከመሣሪያው ቁጥር ጋር እኩል መሆኑ ነው። አሥር መሮ ካለዎት አሥር ኪስ ብቻ ይኑር። ማታ ሲጠቀልሉ ባዶ ኪስ ካዩ አንድ መሮ ምንጣፍ ላይ ወይም ሶፋ ሥር ቀርቷል ማለት ነውና ሳያገኙት አይተኙ።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ። የእጅ መስቀልና የመቋሚያ እጀታ እቀርጻለሁ። ሠላሳ ያህል ያገለገሉ መሮዎች ገዝቼ ቤዝመንት (ከቤቱ ሥር ባለው ክፍል) ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ነገር ግን የምፈልገውን ለማግኘት ሁልጊዜ እቸገራለሁ። በምን ቅደም ተከተል ልደርድራቸው?

መልስ፦ በብረቱ አንገት ላይ ቁጥር ተመትቶባቸው እንደሆነ ይመልከቱ። ለምሳሌ በአንዳንድ የስዊዘርላንድ ሥራ መሮዎች ላይ 7 እና 14 ተጽፎ ቢያገኙ፣ የመጀመሪያው የጉድጓዱን ጥልቀት፣ ሁለተኛው የአፉን ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታል። ዝቅተኛው ቁጥር ዝርግ ነው፤ ቁጥሩ እየጨመረ በሄደ መጠን አፉ ይጎደጉዳል። የእንግሊዞቹ የሼፊልድ ከተማ ቁጥር አካሄዱ ተመሳሳይ ቢሆንም ከስዊዘርላንዱ ጋር በትክክል ስለማይገጥም፣ የተለያዩ ሠሪዎችን መሮ በቁጥር ብቻ አያደባልቁ። የእያንዳንዱን አፍ ወረቀት ላይ ጫን አድርገው የሚተወውን ቅስት ማየት የበለጠ ያስተማምናል።

ብዙዎች በስፋት ይደረድራሉ፤ እኔ በጉድጓድ ልክ መደርደርን እመርጣለሁ። የመስቀል ሐረግ የሚቀርጽ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ይህን ኩርባ የሚገጥም የትኛው ነው?» ብሎ ስለሆነ፣ ዝርጉ ከግራ ጀምሮ ጥልቁ ወደ ቀኝ ይሂድ፤ ጉድጓዳቸው እኩል የሆኑትን ደግሞ ከጠባቡ ወደ ሰፊው። በሥራ ላይ ሳሉ ግን ሠላሳውንም ጠረጴዛ ላይ አያፍስሱ። ለዕለቱ የሚያስፈልጉትን ስድስት ወይም ስምንት ብቻ አውጥተው ስለታቸው ወደ እርስዎ፣ እጀታቸው ወደ ማዶ ሆኖ ያስተኟቸው። የአፉን ቅርጽ በአንድ እይታ ይለዩታል፤ ነገር ግን እጅዎን ሲሰዱ በስለቶቹ ላይ አሳልፈው እጀታውን መያዝ ስላለብዎት ቸኩለው አያንሱ። እጀታዎችን በሚቀይሩበት ጊዜ የአንዱን ከወይራ፣ የሌላውን ከዋንዛ ወይም እዚያ ከሚያገኙት ከተለያየ እንጨት ቢያበጁ፣ ዓይንዎ በቀለሙ ይለምደዋል። ስምንት ማዕዘን ያለው እጀታ ደግሞ ተንከባልሎ ወለል ላይ አይወድቅም።

ቤዝመንቱ በእናንተ በኩል በሙቀቱ ወራት ይከፋል። የውጩ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሲገባ እርጥበቱ ይከማቻል። እርጥበት የሚስብ ማሽን ካለዎት ከ50 በመቶ በታች እንዲያወርደው ያድርጉ፤ መስኮት መክፈት በዚያ ወቅት ነገሩን ያባብሰዋል። ውኃ የሚጠጡ መሳያ ድንጋዮችን ደግሞ በብርዱ ወራት ጋራዥ ውስጥ አያሳድሩ፤ ውስጣቸው ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰነጥቃቸዋል።

ጥያቄ፦ የማግኔት መስቀያ ለመሮ ይሆናል?

መልስ፦ ለቢላዋ ይሆናል፣ ለመሮ አልወደውም። ማግኔቱ ብረቱን ከእጅ ነጥቆ ስለሚስበው ስለቱ በኃይል ይመታል፤ መሣሪያው ራሱ ማግኔት የሆነ እንደሆነም የሞረድ ብናኝ ከአፉ ላይ አልላቀቅ ይላል። የግድ ከሆነ በስስ እንጨት ይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው። በበጋ የመጥረቢያዬ ብረት ከእጀታው ይላላል። ውኃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ደህና ይሆንና በሳምንቱ ይብሳል።

መልስ፦ ውኃው እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ ያበጠው እንጨት ግን በብረቱ ዓይን ውስጥ መስፊያ ስለሌለው ራሱን በራሱ ይጨፈልቃል፤ ሲደርቅ ከበፊቱ ቀጥኖ ይገኛል። መፍትሔው ከደረቅና ጠንካራ እንጨት አዲስ ሽብልቅ መምታት ነው። ከዚያም የእጀታውን ጫፍ የተልባ ዘይት ደጋግመው ያጠጡት፤ መጥረቢያውንም ፀሐይና እሳት በማያገኘው ቦታ ያኑሩት።

የተልባ ዘይትን ካነሳን ዘንድ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙቀት እየሰጠ ነው። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ በሰጋቱራ መካከል ከጣላችሁት፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ከቤት ውጭ ገመድ ላይ አስጡት፤ እስኪደርቅ መጠበቅ ካልቻላችሁም ውኃ በሞላበት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።