የኋላ ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት

[ምስል፦ ነጭ ቪትዝ ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ። ካሜራው ከኋላ ጎማው እኩል ዝቅ ብሏል።]

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። ዛሬ ስለ ኋላ ሾክ ነው የምናወራው። ጅማ ውስጥ የቤት መኪና የያዘ ሰው ይህ ወጪ አያመልጠውም። ኮብልስቶኑ አለ። ኮረኮንቹ አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላና ጥልቀቱ አይታወቅም።

ሱቅ ስንገባ ግን አብዛኞቻችን የምንለው አንድ ነው፦ “ጠንከር ያለውን ስጠኝ።” ይህ ጥያቄ ቢቀር በጣም ደስ ይለኛል። ሾክ በጥንካሬው አይመረጥም፤ ለመኪናው ልክ ሆኖ መሠራቱ ነው የሚታየው። ለምን እንደሆነ እንየው።

[ምስል፦ የኋላ ጎማው የወለቀ መኪና። ሞላውና ሾኩ ጎን ለጎን።]

ይህ ጥምዝምዝ ብረት ሞላ ነው፤ ስፕሪንግ የሚሉትም አሉ። አጠገቡ ያለው ቀጭን ቱቦ ሾኩ ነው። የመኪናውን፣ የሰውንና የዕቃውን ክብደት የተሸከመው ሞላው ነው። የሾክ ሥራ ሌላ ነው። ሞላው ተጨምቆ ሲፈናጠር ዝላዩን ያበርዳል። ሾክ ባይኖር ኖሮ አንድ ጉድጓድ የመታ መኪና ሲወዛወዝ ብዙ ርቀት ይሄድ ነበር።

[ምስል፦ መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ ውሃ ተሞልቶ።]

ውስጡ የሚሆነውን በዚህ ስሪንጅ ላሳያችሁ። ቀስ ብዬ ስገፋው ውሃው በቀላሉ ይወጣል። በኃይል ስገፋው ይታገለኛል። ሾክ ውስጥም ዘይት አለ፤ ዘይቱ ውስጥ ፒስተን ይመላለሳል። ፒስተኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች አሉ። ጎማው በዝግታ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ ያሳልፈዋል። በፍጥነት ሲዘል ይይዘዋል። የዝላዩ ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ይህን ሙቀት አስታውሱት፤ መፈተሻ ይሆነናል።

እንግዲህ የመኪናችሁ ኋላ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ መጀመሪያ ሞላውን እዩ። ደክሞ ወይም ተሰብሮ ይሆናል። አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ደግሞ ሻንጣ አስሮ፣ “ኋላው ስለሚወርድብኝ ጠንካራ ሾክ ልግዛ” የሚል ሰው ብዙ ነው። ሾኩ ይገባል፤ መኪናው ግን እንደወረደ ይቀራል። በዚያ ላይ ይደርቃል። ከኋላ የተቀመጡት እናትና ልጆች እያንዳንዷን ድንጋይ በወገባቸው ይቆጥራሉ። ጋዝ ያለው አዲስ ሾክ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። መኪናችሁ ዘወትር ጭነት የሚያመላልስ ከሆነ የሚጠየቀው ሞላ ነው። እሱም ቢሆን መኪናው እንዲጭን ከተፈቀደለት ክብደት በላይ አያስኬድም።

[ምስል፦ የሾኩ ገላ በጣም በቅርብ። ከላይ ወደ ታች የወረደ ዘይት፣ አቧራ ይዞ ጠቁሯል።]

ሾኩ መሞቱን በምን እናውቃለን? ይህን ተመልከቱ። ዘይቱ ከላይ፣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ከሚገባበት አፍ ተነስቶ እስከ ታች ወርዷል። አቧራ ለጥፎበት እንደ ጭቃ ሆኗል። ይህ አለቀለት። ከአፉ አካባቢ ስስ እርጥበት ብቻ ካለ ግን አትደንግጡ። ዘንጉ ሲመላለስ ትንሽ ዘይት ይዞ መውጣቱ ያለ ነው። ጋራዥ ውስጥ ይህን እርጥበት አይተው “ያፈሳል፣ ይቀየር” ካሏችሁ በጨርቅ ጥረጉትና ጥቂት ቀን ነድታችሁ እንደገና እዩት።

መኪናውን ከኋላ ጥግ ተጭኖ መልቀቅ የታወቀው መፈተሻ ነው። ተጭናችሁ ስትለቁት ወደ ላይ ተመልሶ መርጋት አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ካረገረገ ሾኩ ደክሟል። ፈተናውን አለፈ ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። በእጅ የምንጫነው በዝግታ ነው፤ መንገድ ላይ የሚመጣው ምት ፈጣን ነው።

ለዚህ ነው የሙቀቱን መፈተሻ የምወደው። ኮረኮንች ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ንዱ። ሜዳ ላይ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ከዚያ የሁለቱንም የኋላ ሾክ ገላ በእጃችሁ ጀርባ ነካ አድርጉ። ማርሚታው እንዳያቃጥላችሁ ተጠንቀቁ። የሠራ ሾክ ይሞቃል። አንዱ ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ሥራ አቁሟል ማለት ነው።

[ምስል፦ መዳፍ የኋላ ጎማ ጥርስ ላይ ሲንሸራተት።]

ጎማችሁንም ዳብሱት። ዙሪያውን ስትሄዱ አንድ ቦታ ጎድጎድ፣ አንድ ቦታ ከፍ ካለ፣ ጎማው መሬት ሲለቅና ሲረግጥ ነው የተበላው። ብዙውን ጊዜ ሾክ ነው ጥፋተኛው።

ነገሩ የምቾት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አላወራበትም ነበር። ጎማ ሲዘል ለአፍታ መሬት ይለቃል። መሬት ያልያዘ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የጊቤን በረሃ ቁልቁለት አስቡት፤ ጠመዝማዛ ነው፣ ከፊት የጭነት መኪና አለ፣ ዝናብ ጥሏል፣ ልጆች ከኋላ ተኝተዋል። እዚያ ቦታ የመኪናው ኋላ የሚንሳፈፍ ከሆነ መሪው ሁሉንም ነገር አያድንም።

ሞንሮና ካያባን የመሳሰሉ አምራቾች 80,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሾክ መታየት አለበት ይላሉ። የእኛ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ቀደም ብሎ ቢያየው ነው የሚሻለው።

[ምስል፦ የተከፈተ ኮፈን። ከሞተሩ ጀርባ ያለው የብረት መለያ ሰሌዳ።]

አሁን ወደ ግዢው እንግባ። “የቪትዝ ሾክ” ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። የመጀመሪያው ቪትዝ ከ1999 እስከ 2005 ነው የተመረተው። ሁለተኛው ከ2005 እስከ 2010። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። የመጀመሪያው የሞዴል መለያ ኤስሲፒ10 ሊሆን ይችላል፣ የሁለተኛው ኬኤስፒ90። በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ቪትዝ ደግሞ ሌላ መለያ አለው፤ የኋላ ሾኩም ሊለያይ ይችላል። መለያው ሰሌዳው ላይ አለ። የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬያችሁም ላይ ተጽፏል። ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ላይ ይኑር።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በርቀቱ ምክንያት ነው። ጅማ ያሉ ሱቆች ከሌላቸው ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚላከው፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያልገጠመውን መልሶ መላክ፣ ከነጋዴው ጋር መከራከር፣ መኪናውን ክሪክ ላይ አቁሞ መጠበቅ፣ ሁሉም ራስ ምታት ነው።

ከሻንሲ ቁጥሩ ቀጥሎ የሾኩ የራሱ ቁጥር አለ። የቶዮታ ኦሪጅናል ከሆነ 4853 ብሎ የሚጀምር የኋላ ሾክ ነው፤ 4851 ብሎ የሚጀምረው የፊት ነው። ካያባ በስድስት አሃዝ ነው የሚጽፈው፤ ቱቦው ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ቱቦው ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። ካልተመሳሰለ፣ ወይም ቱቦው ላይ በቀለም ከተሸፈነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ፎርጅዱ በዝቷል።

[ምስል፦ አሮጌውና አዲሱ ሾክ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ ሜትር ተዘርግቶባቸው።]

ባለሱቁ “ይገጥማል” ሲላችሁ ቡሎኑ ይገባል ማለቱ ነው። ቡሎን መግባቱ ብቻውን ምንም አይደለም። ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ርዝመቱ ስንት ነው? ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍስ? የረዘመ ሾክ መኪናው ሲጫን ቦታ ያጣና ውስጡ ይመታል። ያጠረው ደግሞ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ይወጠርና ይበጠሳል፤ ማሰሪያውንም ሊገነጥል ይችላል።

ዓይነቱስ? ለቤት መኪና ሁለት ናቸው የሚያጋጥሟችሁ። አንዱ ባለ ሁለት ቱቦ ነው፤ ቱቦ ውስጥ ሌላ ቱቦ አለ። ሌላው ባለ አንድ ቱቦ ነው፤ ናይትሮጅን በከፍተኛ ግፊት ታምቆበታል። ባለ አንድ ቱቦው ሙቀት ቶሎ ያስወጣል፣ መሪ ላይም ጥብቅ ነው። ግን ደረቅ ይላል፤ ቱቦው በድንጋይ ተመትቶ ከተሰረጎደ ደግሞ ፒስተኑ ይያዛል። ባለ ሁለት ቱቦው ዘይት ብቻ ያለው አለ፣ አነስተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የተጨመረበትም አለ። ዘይት ብቻ ያለው ረጅም ኮረኮንች ላይ ሲንገላታ ዘይቱ አረፋ ይሠራል። አረፋ ደግሞ ፒስተን አይዝም። ጋዙ ያንን አረፋ ይቀንሳል።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ለቤተሰብ መኪና፣ ለዚህ አካባቢ መንገድ፣ ባለ ሁለት ቱቦ ጋዝ ያለውን ግዙ። ቁጥሩ ልክ ይሁን እንጂ ሌላ ማካበድ አያስፈልግም።

ያገለገለስ? ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ በር፣ መብራት፣ መስታወት መግዛት ያስኬዳል፤ ዕቃው ፊት ለፊት ይታያል። የሾክ ድካም ግን ውስጥ ነው፣ ጠርጎና ቀብቶ ማሳመር ይቻላል። “በስቼ ዘይት ልሙላላችሁ” የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁም አመስግናችሁ እለፉ። ሲበሳ ጋዙ ይወጣል፣ የብረቱ ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ቫልቩም ላይ ይቀመጣል።

ሁለቱንም የኋላ ሾኮች አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው ኩርባ ላይ በግራና በቀኝ እኩል አይሆንም። ከተቻለ የአቧራ መከላከያ ጎማውንና ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ ምቱን የሚቀበለውን መምቻ ጎማ አብራችሁ ግዙ። ዋጋቸው ከሾኩ ጋር አይወዳደርም። የተቀደደ መከላከያ ጭቃና አሸዋ ዘንጉ ላይ ያስገባል፤ አሸዋው ዘይቱ እንዳይወጣ አፉን የሚዘጋውን ጎማ፣ ሲል የሚባለውን፣ ይበላዋል።

[ምስል፦ የሚያብረቀርቅ የሾክ ዘንግ። ቀጥሎ በፒንሳ የተጫረ ዘንግ።]

መግጠሙ ላይ ቁሙ፣ ራሳችሁ እዩ። ባለ ሁለት ቱቦው ከመታሰሩ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ጥቂት ጊዜ ይጨመቅ፤ ተኝቶ ሲጓጓዝ የገባበት አየር ይወጣል። የላይኛው ዳዶ ሲጠብቅ ዘንጉ አብሮ ይሽከረከራል። ያኔ መካኒኩ ፒንሳ አንስቶ ዘንጉን ሊይዝ ካለ “አንድ ጊዜ ወንድሜ” በሉት። እዩት ይህን ጭረት፤ በጥፍር ይዳሰሳል። በየምልልሱ ሲሉን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፣ አዲሱ ሾክ ብዙም ሳይቆይ ያፈሳል። የዘንጉ ጫፍ ላይ ለመያዣ የተሠራ ቦታ አለ፤ በቁልፍ የሚያዘው እዚያ ነው።

ሌላው የታችኛው ቡሎን ነው። መኪናው ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ ሲወርድ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት (ቡሹ) ውስጥ ያለው ጎማ ይጠመዘዛል፤ እንደተጠመዘዘም ይኖራል። ቶሎ ይቀደዳል፣ ከዚያ ኳ ኳ ይጀምራል። መጀመሪያ በእጅ ይያዝ፣ መኪናው በጎማው መሬት ይቁም፣ ከዚያ የመጨረሻው ማጥበቅ ይደረግ።

ኮሮላ የያዛችሁ አንድ ጥንቃቄ አለባችሁ። ኢ110 የሚባለው ኮሮላ ኋላው ላይ ሞላው ሾኩ ላይ ነው የተጠመጠመው። እንደ ቪትዙ ቡሎን ፈትቶ ማውጣት አይቻልም። ሞላው የታመቀ ኃይል አለው፤ ያለ መጨመቂያ ከተፈታ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። መጨመቂያ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ አይንካው።

ተገጥሞ ሲያልቅ ጭነት ሳይኖር አንድ ዙር ንዱት፣ ከሳምንት በኋላ ቡሎኖቹን አስፈትሹ። ጎማው ቀድሞ ጎድጉዶ ከነበረ ግን ሾክ ስለተቀየረ ብቻ አይስተካከልም። የጎደጎደው ጎማ ሲሄድ የሚያሰማው ጉርርታ ጎማው እስኪቀየር ይቀጥላል፤ ባለሱቁ ጋ ሮጣችሁ “ሾኩ ፎርጅድ ነው” ከማለታችሁ በፊት ጎማውን ዳብሱት።